የጐደለውን መጥለፍ
ከልማድ ስለ ወጣ የመስቀለኛ ጥልፍ ንድፍ

በአንድ የክረምት ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ መብራቱን ይዞብን ከሄደ በኋላ፣ አክስቴ ሻማ ለኩሰው በፊቴ ሲያስቀምጡልኝ፣ በጭኔ ላይ የዘረጋሁትን ጥቁር ጨርቅና በጨርቁ መካከል የጀመርኩትን ጥቂት ቢጫ ነጥብ ጐንበስ ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ እሳቸው በወጣትነታቸው ዘመን የትራሱን ልብስ በጽጌረዳ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ በርግብ፣ የግድግዳውንም ጌጥ በመልካም ምኞት ቃል ሲጠልፉ የኖሩ ባለሙያ ናቸውና በጥልፍ ነገር በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም።

«ይኼ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ።

«መብራት የጠፋበት ሌሊት ነው፣ እትዬ።»

«ጨለማ ይጠለፋል እንዴ?»

«ጨለማውንስ ጨርቁ ራሱ ይዞልኛል፤ እኔ የምጠልፈው ሻማዋን ብቻ ነው።»

ሳቁና ወደ ምድጃቸው ሊመለሱ ሲሉ ከደጃፉ ላይ ቆም ብለው፣ «በእኛ ጊዜ ጥልፍ የሚጠለፈው እንግዳ ሲገባ ቤቱ ሙሉ መሆኑን እንዲያይ ነበር፤ አንተ ግን የጐደለውን ትጠልፋለህ» አሉኝ። ነገሩን የተናገሩት እንደ ቀልድ ቢሆንም፣ ስለዚህ የዕረፍት ጊዜ ሥራዬ ሰው ሲጠይቀኝ ለመመለስ ስቸገር የኖርኩትን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ፈቱልኝ፣ የሚከተለውን ሐተታ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ ይኸው የአክስቴ ቃል ነው።

ካሬና መስቀል

መስቀለኛ ጥልፍ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። ክሩ በመጀመሪያ ከግራው ግርጌ ተነሥቶ ወደ ቀኙ ራስጌ ይሻገራል፤ ቀጥሎም ከቀኙ ግርጌ ተነሥቶ በፊተኛው ላይ እየተረማመደ ወደ ግራው ራስጌ ይወጣል፤ በዚህም አኳኋን በአንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ አንዲት የተጋደመች መስቀል ትፈጠራለች። ሥርዓቱ ይህ ብቻ ነው፤ የሚጨመርበት ትእዛዝ ቢኖር የላይኛው ክር በጨርቁ ሁሉ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም የሚል ነው፤ ይህ ካልተጠበቀ ብርሃን በክሩ ላይ ሲያርፍ አንዱ መስቀል ሲያበራ ሌላው ይደበዝዛልና፣ የጀማሪ እጅ ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ጨርቅ ቀዳዳው የተቆጠረና እኩል የሆነ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደው አይዳ የተባለው የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ዓይነት በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ካሬ ያለበት ነው። እንግዲህ 70 ካሬ ስፋት ያለው ንድፍ በዚህ ጨርቅ ላይ 5 ኢንች ወይም 12.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያው ንድፍ በኢንች 18 ካሬ ባለው ጨርቅ ላይ ቢሠራ ግን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠባል፤ ንድፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መስፈሪያው ነው። ክሩን በተመለከተ፣ በ1746 እ.ኤ.አ. በአልዛስ ምድር በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው ዲ.ኤም.ሲ. የተባለው ድርጅት የሚያወጣው የታወቀ ነው፤ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ርዝመት ያለው ሆኖ ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለ ሆነ፣ ጠላፊው ገመዱን ፈትቶ በተለመደው ባለ 14 ካሬ ጨርቅ ላይ ሁለቱን ክር ብቻ ይሠራበታል። መርፌው ጫፉ ደነዝ ነው፤ ተግባሩ ጨርቁን መውጋት ሳይሆን የተዘጋጀውን ቀዳዳ ፈልጎ ማለፍ ነውና።

የአገራችን ሸማኔ ጥለት ሲጥል ድሩን እየቆጠረ ስንቱን አንሥቶ ስንቱን እንደሚተው ያውቃል፤ ስለዚህ በቁጥር ሥዕል መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የሸማኔው ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚወለድ ሲሆን፣ መስቀለኛ ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው።

ከቅጂ ወደ ድርሰት

ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመናት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ካላመለከትኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅተም ወደ አውሮፓ ጥበበኞች እጅ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1520ዎቹ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ የጥልፍ ንድፍ መጻሕፍት መታተም ጀመሩ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የበርሊን አታሚዎች በካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ካሬ በእጅ ቀለም ቀብተው መሸጥ በጀመሩ ጊዜ፣ ጠላፊዋ ማሰብ ሳያስፈልጋት መቁጠር ብቻ የሚበቃት ሆነ። በእንግሊዝና በአሜሪካም ትናንሽ ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ቤቱንና ዛፉን፣ ከዚያም በታች ስለ ታዛዥነትና ስለ ሞት የሚናገር መንፈሳዊ ግጥም በጨርቅ ላይ ይጠልፉ ነበር፤ የጥልፍ ምሳሌ የሚባለው ይህ ሥራ የእጅ ልምምድ ብቻ ሳይሆን የጠባይ ትምህርት ነበር። ሮዚካ ፓርከር የተባለችው ጸሐፊ በ1984 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፍ እንደ አስረዳችው፣ ጥልፍ ሴቶችን ለዝምታ ያስተማረ መሣሪያ የሆነውን ያህል ለአንዳንዶቹ ደግሞ ዝምታውን የሚሰብሩበት መሣሪያ ሆኗል።

ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው መንፈስ የታዛዥነት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚገኘው፣ ዘመን ከተጻፈባቸው የብሪታኒያ የጥልፍ ምሳሌዎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የጄን ቦስቶክ ሥራ በ1598 የተሠራ ሲሆን፣ ከአበባውና ከአራዊቱ መካከል አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን በ1596 ኅዳር ወር መወለድዋን የሚመሰክር ጽሕፈት ይዟል። ጄን ቦስቶክ የስፌት ዓይነት ስትለማመድ ሳለች የአንዲት ልጅ ልደት በጨርቅ ላይ መዝግባ አለፈች፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የሚታወሰውም ከልምምዱ ይልቅ ልደቱ ነው።

በእኛ በኩል የተሰጠን ልክ በራስ ነገር መሙላትን የሚያስረዳ ምሳሌ የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ልኩ የተወሰነ፣ ቤቱ የተቆጠረ ዜማ ይሰጠዋል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና እንኳ ከልኩ ቢጐድል ወይም ቢተርፍ መምህሩ አያሳልፈውም። ነገር ግን ልኩን ጠብቆ የሌላውን ቅኔ ቢያቀርብ ባለሙያ አይባልም፤ ልኩ የጋራ ነው፣ ምሥጢሩ ግን የራሱ መሆን አለበት። በመስቀለኛ ጥልፍም እንዲሁ፣ የተሸጠለትን ንድፍ እየቆጠረ የሚሞላ ሰው እንደ ቁም ጸሐፊ ነው፣ ክብርም አለው፤ በባዶ ካሬ ወረቀት ፊት እርሳስ ይዞ የሚቀመጠው ግን ከቅጂ ወደ ድርሰት ተሻግሯል።

ሰሙ ጌጥ፣ ወርቁ ስድብ

ቅኔን ካነሣሁ ዘንድ፣ በጥልፍ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቅኔ የሚባለውን ሥራ ሳልናገር ላልፍ አይገባኝም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በገቡ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጀርመኖች በክሬት ደሴት ላይ ዘመቱ፤ በዚያም ጦርነት ከተማረኩት የእንግሊዝ መኰንኖች አንዱ ሻለቃ አሌክሲስ ካስዳግሊ ነበር። ወደ ጀርመን አገር ተወስዶ በቫርቡርግ አጠገብ በእስር ሳለ፣ በታኅሣሥ 1941፣ ከጓደኞቹ በአገኘው ቁራጭ ጨርቅና ከአሮጌ ሹራብ በተተረተረ ክር አንድ የጥልፍ ምሳሌ ሠራ። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ የታሰረበት ስፍራና ወሩ በሥርዓት ተጽፏል፤ ንስርና አንበሳ አለበት፤ የናዚዎቹ ምልክት ሳይቀር በቦታው ተቀምጧል፤ ዙሪያውንም በነጥብና በሰረዝ ያጌጠ ድርብ ጠርዝ ከቦታል። ጠባቂዎቹ በእስረኛው ትጋት ተደስተው ሥራውን በአራት የምርኮኛ ሰፈሮች ለሰው አሳዩለት። ነጥቡና ሰረዙ የሞርስ ፊደል መሆኑን ያስተዋለ ግን ከእነሱ አንድም አልነበረም፤ የውጭው ጠርዝ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» ሲል፣ የውስጡ ጠርዝ ሂትለርን በዚህ መጽሔት ላይ ልጽፈው በማልችለው ቃል ይሳደባል።

እንግዲህ ይህ ሰው ምን እንዳደረገ አስተውሉ። ከንስሩና ከአንበሳው ይልቅ ማንም የማያየውን ጠርዝ መረጠ፤ ጌጥ ብቻ ነው ተብሎ የተናቀውን ስፍራ የመልእክቱ ማደሪያ አደረገው፤ ሰሙን ለጠባቂዎቹ ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ አስቀረ። የአክስቴን ቃል ብናስታውስ፣ ካስዳግሊ የጠለፈው የጐደለውን ነበር፤ ከሁሉ ይበልጥ የጐደለው ደግሞ የፈቀደውን መናገር ነበርና።

የፍልስጥኤም ሴቶች ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ታትሪዝ የሚባለው ጥልፋቸው፣ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በ2021 የተጻፈው፣ ባብዛኛው መስቀለኛ ጥልፍ ሲሆን፣ ዛፉም ኮከቡም ስም አለው፤ የቀድሞ ሰዎችም ከቀሚሱ ጥልፍ የሴቲቱን መንደር ይለዩ ነበር። በ1987 የጀመረው ሕዝባዊ ዐመፅ በተቀጣጠለ ጊዜ፣ ሰንደቅ ዓላማቸውን በአደባባይ ማንሣት ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ሴቶቹ የሰንደቁን ቀለማትና የአገራቸውን ካርታ በቀሚሳቸው ደረት ላይ ጠለፉት። ሰንደቅ ከምሰሶ ይወርዳል፤ ከለበሱት ቀሚስ ላይ ማውረድ ግን ለጠባቂ ወታደር የሚያሳፍር ሥራ ነው። ለዘመናት የዛፍና የኮከብ መኖሪያ የነበረው ካሬ ያን ጊዜ ለአዲስ ነገር ቦታ ለቀቀ፤ ስፌቱ ግን ያው የእናቶቻቸው ስፌት ነበር።

በአሜሪካም በዳላስ ከተማ የምትኖረው ጁሊ ጃክሰን በ2003፣ የአያቶችን ለስላሳ አበባና ጥንቸል በጠርዙ ትታ፣ በመካከሉ ግን ጨዋ ሰው በእንግዳ ፊት የማይናገረውን የብስጭት ቃል እየጠለፈች ያወጣችው ንድፍ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ይህ ከቀደሙት ሁለቱ ጋር በክብደት የሚተካከል ባይሆንም፣ ሳቁ የሚመነጨው ከዚያው ምንጭ ነው፤ ጠርዙ ትሕትናን ሲናገር መካከሉ ይክዳል።

የመስታወቱ ካሬ

ከልማድ የወጣው ንድፍ በዘመናችን እንዲበዛ ያደረገው ሌላው ምክንያት ኮምፒዩተር ነው። በመስታወቱ ላይ የሚታየው ሥዕል ሁሉ ከጥቃቅን የብርሃን ካሬዎች የተገጣጠመ ነውና፣ አንዷ የብርሃን ካሬ በአንዲት የክር መስቀል ትተካለች፤ የሚቀነስ የሚጨመርም የለም። ስለዚህ በልጅነታቸው በቴሌቪዥን ጨዋታ ያደጉ ሰዎች መርፌ ሲይዙ በመጀመሪያ የሚጠልፉት ማሪዮን የመሰለውን ገጸ ባሕርይ ነው። ማሪዮ በ1981 ሲፈጠር ባርኔጣ የደፋው ጠጕር ለመሳል፣ ሪዙንም ያሳደገው አፍ ለመሳል ካሬው ስላልበቃ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ችግር የመልክ ፈጣሪ መሆኑ ይገለጥለታል።

ይህም ዝምድና በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1984 ለወጣው ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ምልክቶቹን የሠራችው ሱዛን ኬር፣ በልጅነትዋ ክር እየተቆጠረ የሚሠራ ጥልፍ ከእናትዋ ተምራ ነበር፤ ለሥራውም የካሬ ወረቀት ደብተር ገዝታ፣ ቆሻሻ መጣያውን፣ የእጅ ሰዓቱንና ፈገግ ያለውን ኮምፒዩተር በ32 ካሬ ስፋትና በ32 ካሬ ቁመት፣ ማለት በ1,024 ካሬዎች ውስጥ፣ አንዱን እያጠቈረች ሌላውን እየተወች ሣለቻቸው። ዛሬ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ላይ ከምንነካቸው ትናንሽ ሥዕሎች ብዙዎቹ ከዚያ ደብተር የሚወርድ ዘር አላቸው።

ንድፉ እንዴት ይወጠናል?

ንድፍ ለመወጠን የሚፈልግ ሰው ኮምፒዩተር አያስፈልገውም፤ ለሒሳብ ትምህርት የሚሸጠው ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይበቁታል። የመጀመሪያው ምክር የካሬውን ቁጥር ጐዶሎ አድርግ የሚል ነው፤ ሻማም ሆነ ጀበና ግራና ቀኙ እንዲመዛዘን መካከለኛ ዓምድ ያስፈልገዋል፣ ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ግን መካከሉ በሁለት ካሬ ድንበር ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው፣ ክብ የሚባል ነገር በካሬ ዓለም ውስጥ የለም፤ ያለው ደረጃ ነው። ሰባት ካሬ የሚያህል ክብ የፈለገ ሰው ከላይ ወደ ታች 3፣ 5፣ 7፣ 7፣ 7፣ 5፣ 3 እያደረገ ቢሞላ፣ በ37 ካሬ ዓይን የሚያምነውን ክብ ያገኛል። ሦስተኛው፣ ቀለም አታብዛ። ፎቶግራፍ ሲሰጡት በአንድ አፍታ ንድፍ አድርጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ነገር ግን መምረጥ ስለማይችል ለአንድ ጉንጭ ሃያ ቀለም ይመድባል፣ መስቀሉንም እዚህ አንድ እዚያ አንድ እያደረገ እንደ ተበተነ ቆሎ ያንጠባጥበዋል፤ ጠላፊው ክሩን እየቈረጠና እያሰረ ይሰለቻል፣ ጉንጩም በመጨረሻ ጉንጭ አይመስልም። ዓይን ከሦስት ቀለም ጉንጭን ያውቃል፤ ንድፍ አውጪ ማለት የሚተወውን የሚያውቅ ነው።

ይህን ለመማር የከፈልኩትን ዋጋ ልናገር። የእኔ ንድፍ 77 ካሬ ስፋትና 99 ካሬ ቁመት ያለው፣ በጨርቁም ላይ 14 ሳንቲ ሜትር በ18 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነበር፤ ከሻማዋ በታች «ሌሊት» የሚለውን ቃል ለመጻፍ አስቤ ለፊደሉ የሰባት ካሬ ቁመት መደብሁለት። የላቲን ፊደል በሰባት ካሬ ውስጥ ተመችቶት ይቀመጣል፤ የእኛ ፊደል ግን በአካሉ ላይ የድምፁን ምልክት ስለሚሸከም ተጨማሪ ስፍራ ይፈልጋል። የ«ሊ» ሣልስ ምልክት ከእግሩ ሥር የሚወጣ ጭረት ነው፣ አንዲት ካሬ ትበቃዋለች፤ የ«ሌ» ኃምስ ምልክት ግን ቀለበት ነው፤ ቀለበት ደግሞ መካከሉ ካልተከፈተ ቀለበት አይባልምና፣ ስምንት ካሬ ዙሪያውን፣ አንድ ባዶ ካሬ በመካከሉ ይጠይቃል። እኔ ስፍራ ሲጠብበኝ ቀለበቱን ደፍኜ በአራት ካሬ ሠራሁት። ጥቁር ጨርቅ ቀዳዳው ስለማይታይ በጭኔ ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግቼ፣ ሦስት ምሽት ዓይኔን አድክሜ ከጨረስኩ በኋላ ለአክስቴ ባሳያቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡና፣ «ሊሊት ማናት?» አሉኝ።

የተጠለፈውን መፍታት ከመጥለፍ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለት ምሽት ፈታሁ፤ ፊደሉን በአሥራ አንድ ካሬ ቁመት እንደ ገና ወጠንኩ፤ ቀለበቱም በመካከሉ ለጨለማው አንዲት መስኮት ተከፍቶለት ሌሊቱ ሌሊት ሆነ። የተማርኩትም ይህ ነው፤ ባዶዋ ካሬ ያልተሠራች ሥራ አይደለችም፣ በዙሪያዋ ላሉት ስምንቱ ትርጉም የምትሰጥ እርስዋ ናት። ወደ ጥንት ብራና ጸሐፊዎቻችን ሐረግ የተመለከተ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ሐረጉ የሚታየው ብራናው ስለ ተተወለት ነውና።

ለአንባቢ

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚወድ ሰው ቢኖር፣ የሌላውን ሰው ንድፍ የእኔ ነው ብሎ ከማውጣት እንዲጠነቀቅ፣ ጽጌረዳንም እንዳይንቅ እለምነዋለሁ። ጽጌረዳ የጠለፉት እናቶች የጠለፉት የተመኙትን ነበር፤ እኛም የምንጠልፈው የምናየውን ነው፤ ሁለቱንም የሚሸከመው ያው ካሬ ነው። ነገር ግን ጽጌረዳው እስኪበቃን ተጠልፎልናል፤ የታክሲው ሰልፍ፣ የደመወዝ ዋዜማው ኪስ፣ ከሩቅ አገር የማይደወለው ስልክ ገና ጠላፊ አላገኙም። አንድ ባለ ካሬ ደብተር ግዛ፤ ቤትህ ውስጥ የጐደለውን አንድ ነገር አስብ፤ መልኩን በ21 ካሬ ውስጥ ፈልገው።

የእኔ ሌሊት ተፈጽሞ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከ7,623ቱ ካሬዎች መርፌ የነካው 640 ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጨለማ ነው። አክስቴ በተሰቀለ በሳምንቱ ደብተሬን ተውሰው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ በገጹ ላይ ዘጠኝ ካሬ ስፋትና አሥራ ሦስት ካሬ ቁመት ያለው፣ ለመያዣው ሦስት ባዶ ካሬ የተተወለት አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበረበት።

«ውሃ የጠፋ ቀን ነው» አሉኝ። «ሰልፉ ሃያ ጀሪካን ነበረ፤ ሃያውንም እጠልፈዋለሁ።»

ይህን እስከምጽፍ ድረስ አሥራ አራተኛውን ጨርሰዋል።